የራስን ሥራ በሰው ቤት መማር

በየዓመቱ ክረምት ሲገባ በብዙ ቤት ግድግዳ ላይ አንድ አዲስ ፎቶግራፍ ይሰቀላል። ጥቁር ካባ የለበሰ፥ ባለ ዘርፍ ቆብ የደፋ፥ አበባ የታቀፈ ልጅ፥ በግራና በቀኙ አባትና እናቱ። ያን ፎቶግራፍ ለማየት የበቃ ቤተሰብ ስንት ዓመት እንደ ደከመ፥ ስንት ልብስ ሳይገዛ፥ ስንት ጣሪያ ሳይታደስ እንደ ቀረ የቤቱ ሰው ብቻ ያውቀዋል። በመስከረም ግን ካባው ለባለቤቱ ተመልሶ፥ ድግሱም ተረስቶ፥ በቤቱ ውስጥ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። «እንግዲህ ምን ይሠራል?» የሚል ነው። ጥር ሲደርስ ጥያቄው ከጎረቤት አፍ ይገባል፤ ፋሲካ ሲደርስ ልጁ ራሱ ከሰው ፊት መሸሽ ይጀምራል።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ወር ልንነጋገርበት የመረጥነው ነገር ይህ ነው። ይልቁንም ገና ከትምህርት ቤት ወጥቶ ሥራ ያጣውን፥ ወይም በጥቂት ደመወዝ ተቀጥሮ ሳለ አንድ ቀን የራሱን ሥራ ለማቆም በልቡ የሚያስበውን ልጅ እናስባለን። እንዲህ ያለው ልጅ በብዙ ቤት አለ። አሳቡም ክቡር ነው። ነገር ግን አሳቡ ክቡር በመሆኑ ብቻ መንገዱ አይቀናለትም፤ መንገዱ የተሳሳተ እንደ ሆነ የሚጎዳው እርሱ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ሁሉ ነው።

«ተምሮ ሥራ ማጣት እንዴት ይሆናል?» ብለው የሚደነቁ አዛውንት ብዙ ናቸው፤ መደነቃቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዘመናዊ ትምህርት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ መንግሥት አስተርጓሚና ጸሐፊ አጥብቆ ይሻ ስለ ነበረ፥ ትምህርቱን የጨረሰ ሁሉ ወንበር ይጠብቀው ነበር። በ1940ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርስቲ ኮሌጅ ሥራውን ሲጀምርም በዓመት የሚመረቁት ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ ምሩቁ ሥራ ይፈልግ የነበረ ሳይሆን ሥራ እርሱን ይፈልገው ነበር። ዛሬ ግን የመንግሥት ዩኒቨርስቲዎች ብቻ ከ40 ይበልጣሉ። የግል ኮሌጆች ሲጨመሩ በየዓመቱ የሚወጣው ምሩቅ እጅግ ብዙ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ተማሪው በትምህርት ቤቱ ፈተና ማለፉ ብቻ አልበቃም፤ አገር አቀፉን የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ሆኗል። ይህን ሁሉ አልፎ ዲግሪውን የያዘ ልጅ ሰነፍ ነው ሊባል አይችልም። ሥራ ያጣው ስላልተማረ ሳይሆን የተማረው ሰው ከወንበሩ ስለ በዛ ነው። አባቶችና እናቶች ይህን አስቀድመው ሊረዱት ይገባል።

ልጁም ማስታወቂያ ሲያነብ የሚገጥመው እንቆቅልሽ አለ። በጋዜጣና በቴሌግራም የሚወጣው የሥራ ማስታወቂያ ብዙውን ጊዜ 2 ዓመት፥ 4 ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ልምድ የሚገኘው በሥራ ነው፤ ሥራ ደግሞ ያለ ልምድ አይሰጥም። «0 ዓመት» የሚል ማስታወቂያ የወጣ እንደ ሆነ በአንድ ቦታ ላይ የሚሰለፈው ሰው አይቆጠርም። ማመልከቻ ማባዛት፥ ታክሲ መሳፈር፥ ለፈተና መመላለስ ሁሉ ገንዘብ ይበላል፤ ይህም ገንዘብ የሚወጣው ከእናቱ መቀነት ነው። በዚህ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ከውጭ የሚመጣ መኪና፥ መሣሪያና መለዋወጫ ዋጋው ናረ። የራሱን ሥራ ለማቆም ላሰበ ሰው መነሻው ገንዘብ ከፍ አለበት ማለት ነው።

በዚህ ጭንቅ መካከል ወጣቶቻችን ሁለት መንገድ ሲይዙ እናያለን፤ ሁለቱም ወደ ጉዳት ያደርሳሉ።

የመጀመሪያው የመጠበቅ መንገድ ነው። «ከዲግሪዬ በታች አልሠራም» ያለ ልጅ አንድ ዓመት፥ ሁለት ዓመት በቤት ይቀመጣል። እናቱ ታዝንለታለች፤ አባቱ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ከቁጣ ይከብዳል። የዚህ መንገድ ጉዳት ገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም። ሁለት ዓመት ያልሠራ እጅ ይፈታል፤ የተማረው ይረሳል፤ ከሁሉም የሚብሰው ደግሞ በጠዋት የመነሣት ልማዱ መጥፋቱ ነው። ቀጣሪውም «በእነዚህ ሁለት ዓመታት ምን ሠራህ?» ብሎ በጠየቀው ጊዜ መልስ ያጣል።

ሁለተኛው የመዝለል መንገድ ነው። ይህኛው ልጅ ደፋር ነው። «ለሰው ከምሠራ ለራሴ እሠራለሁ» ይልና አባቱን አስለምኖ የቤቱን ካርታ ለዋስትና ያስይዛል፤ ወይም እናቱ ለክፉ ቀን ያስቀመጠችውን ወርቅ ያሸጣል። በዋና መንገድ ላይ ሱቅ ይከራያል፤ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይከፍላል፤ ሰሌዳ ያሠራል፤ መደርደሪያ ያስገጥማል፤ ወዳጅ ዘመድ ጠርቶ ይመርቃል። ዕቃው ከወዴት በርካሽ እንደሚገኝ፥ ገዢው መቼ እንደሚመጣና መቼ እንደሚርቅ፥ በዱቤ የወሰደ ሰው በስንት ቀኑ እንደሚከፍል ግን አያውቅም። እነዚህን ነገሮች መማሩ አልቀረም፤ ይማራቸዋል። ነገር ግን የትምህርቱን ክፍያ የከፈለው በአባቱ ቤት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፥ የቅድሚያው ኪራይ ሲያልቅ ሱቁም አብሮ ያልቃል፤ ዕዳው ግን ይቀራል።

እኛ የምንመክረው መንገድ ከእነዚህ ሁለት የተለየ ነው። ይኸውም የራሱን ሥራ ለማቆም የሚያስብ ልጅ፥ ሊያቆመው ያሰበውን ሥራ በሚሠራ ሰው ቤት ገብቶ፥ ቦታው ምንም ዝቅ ያለ ቢሆን፥ በደመወዝ እየሠራ እንዲማረው ነው። ደመወዙ ጥቂት ነው ብሎ አይናቅ። ትምህርት ቤት ሳለ ለመማር ይከፍል ነበር፤ አሁን ግን እየተከፈለው ይማራል።

በአብነት ትምህርት ቤት ያለፈ ሰው ይህን ሥርዓት ያውቀዋል። ተማሪው ከፊደልና ከንባብ ተነሥቶ፥ ዜማውን ከዜማ መምህር፥ ቅኔውን ከቅኔ መምህር ለመማር ከደብር ወደ ደብር ይዞራል። መምህሩን የሚመርጠው በሚያስተምረው ነገር ነው እንጂ በጓዳው ሙላት አይደለም። ለዕለት ጉርሱ ቁራሽ ይለምናል፤ ሌሊት ያጠናል። ዓመታት ካለፉ በኋላ መምህሩ ሲያስመሰክረው ያን ጊዜ የራሱን ወንበር ይዘረጋል። ሳይማር ወንበር የዘረጋ ሰው ቢኖር ተማሪዎቹ በሳምንት ውስጥ ያውቁበታል። ነጋዴውም እንዲሁ ነው፤ ሳይማር የከፈተውን ሱቅ ገዢ በሳምንት ውስጥ ያውቅበታል።

ታዲያ በሰው ቤት ገብቶ የሚማረው ምንድር ነው? ሙያውን ብቻ አይደለም። ዳቦ መጋገር፥ ልብስ መስፋት፥ ስልክ መጠገን በጥቂት ወራት ይለመዳል። የሚያስቸግረው ከሙያው በስተጀርባ ያለው ነገር ነው። ጌታው ዕቃውን ከማን ይገዛል? ስለ ምንስ ከዚያ ሰው ይገዛል? ከተሠራው ስንቱ ይበላሻል፥ ስንቱስ ይመለሳል? ገዢው እጅ በእጅ ይከፍላል ወይስ ወር ቆይቶ? መብራት የጠፋ ቀን ምን ይደረጋል? የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤትና የገቢዎች ጽሕፈት ቤት ምን ምን ወረቀት ይጠይቃሉ? ልጁ እነዚህን በደብተር እየጻፈ ቢይዝ፥ ስድስት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከየትኛውም መጽሐፍ የማያገኘውን እውቀት ያከማቻል።

የወቅት ነገር ደግሞ በአገራችን ከሁሉ ይበልጥ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የወተትና የቅቤ ንግድ ለመጀመር ያሰበ ልጅ አለ እንበል። በጥቅምት ጀምሮ ገበያው ሲደራ አይቶ ልቡ ይሞቃል። ነገር ግን ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ከገና በኋላ ጥቂት ሳይቆይ ነነዌ፥ ከዚያም 55 ቀን የሚጾመው ዐቢይ ጾም ይከተላል፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። ላሟ ጾም አትጾምም፤ ወተቷን በየቀኑ ትሰጣለች፤ መኖዋም በየቀኑ ይገዛል። በወተት ቤት አንድ ዓመት የሠራ ልጅ በጾም ወራት ጌታው ለማን እንደሚሸጥ፥ ወተቱን ወደ ቅቤና ወደ አይብ እንዴት እንደሚለውጥ፥ ከፋሲካ በፊት ባሉት ሳምንታት ምን እንደሚያዘጋጅ አይቷል። ያልሠራው ግን ይህን የሚያውቀው ወተቱ ሲደፋ ነው። እኛ ጾሙን የምንጾም ሰዎች ነን፤ ይሁን እንጂ በሒሳብ ደብተራችን ላይ መጻፉን እንረሳለን።

በሰው ቤት ሲገባም ልጁ መብቱንና ግዴታውን ያውቅ ዘንድ ይገባል። በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም። መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፥ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራውን ሊለቅ ሲፈልግ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ አጥብቀን የምንናገረው ስለ ሌላ ሳይሆን፥ የራሱን ሥራ ሊከፍት ያሰበ ልጅ አንዳንድ ጊዜ በድንገት ጥሎ የመውጣት ፈተና ስለሚያገኘው ነው። የጌታውን ገዢዎች በስውር ማባበል፥ የዋጋ ዝርዝሩን ገልብጦ መውሰድ ስርቆት ነው። ያየውን ሙያ ይዞ መሄድ ግን ስርቆት አይደለም፤ ትምህርት ነው። ልዩነቱን ኅሊና ያውቀዋል። በመልካም ስም የወጣ ልጅ የቀድሞ ጌታው ዕቃ በዱቤ የሚያሰጠው ዋስ ሊሆነው ይችላል፤ በክፉ ስም የወጣው ግን በገበያው ሁሉ በር ይዘጋበታል። የአንድ ሙያ ነጋዴዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉና።

አሁን ደግሞ ወደ ሙከራው እንምጣ። በሒሳብ ሥራ የተመረቀች አንዲት ልጅ አለች እንበል። ባንክ ፈልጋ አላገኘችም፤ በአንድ እንጀራ አቅራቢ ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ገባች። ከስምንት ወር በኋላ በራስዋ ልትጀምር አሰበች። ደመወዟን ሳትለቅ፥ ከእናቷና ከአንዲት ረዳት ጋር፥ ከወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚያስፈልገውን ፈቃድና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አውጥታ፥ ለሦስት ሱቆች ብቻ ማቅረብ ጀመረች። አሁን ሒሳቧን አብረን እንይ። ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ቁጥሩ ለማስተማሪያ ብቻ ነው።

ከምትሸጠው ከእያንዳንዱ 100 ብር ውስጥ 60 ብር ለጤፍ፥ 6 ብር ለመብራት፥ 10 ብር ለረዳቷ፥ 4 ብር ለማጓጓዣ ወጣ እንበል። 20 ብር ተረፈ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና «ከመቶው ሀያ አተረፍሁ» ብሎ ይደሰታል። ነገር ግን ከሱቅ የሚመለሰውና የሚሻግተው እንጀራ 8 ብር ይወስዳል። ምጣዱ አንድ ቀን ይሰነጠቃል፤ ለእርሱ 2 ብር መቀመጥ አለበት። እርስዋስ? ሌሊት በ10 ሰዓት እየተነሣች የምትጋግረው ልጅ ደመወዝ የላትምን? ለእርስዋና ለእናቷ ድካም 8 ብር ብንመድብ፥ እውነተኛው ትርፍ 2 ብር ብቻ ነው። ሀያ የመሰላት ትርፍ ሁለት ሆነ። የራስን ድካም አለመቁጠር የብዙ ቤት ንግድ ሞት ነው። ባለቤቱ ደመወዙን እየበላ ትርፍ የበላ ይመስለዋል፤ ምጣዱ ሲሰነጠቅ ግን መግዣ ያጣል።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ይልቅ የረቀቀ ነው። ልጅቱ በቀን 2,500 ብር የሚያወጣ እንጀራ ታቀርባለች እንበል። ከኪስዋ የሚወጣው ወጪ፥ ከላይ እንዳየነው 80 በመቶው፥ 2,000 ብር ነው። ሱቆቹ ግን የሚከፍሉት በ10ኛው ቀን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ሳንቲም ወደ እጅዋ ከመግባቱ በፊት 20,000 ብር ማውጣት አለባት ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ገዢ ሞልቶለት፥ ሥራውም ሰምሮለት፥ ጤፍ መግዣ አጥቶ ይዘጋል። ገበያ ስላጣ ሳይሆን ገበያው ስለ ዘገየበት ወደቀ። መድኃኒቱ ሁልጊዜ ብድር አይደለም። ሱቆቹን በጨዋ ቃል አነጋግራ፥ ዋጋውን ጥቂት ቀንሳም ቢሆን፥ በ3ኛው ቀን እንዲከፍሉ ብታስማማ፥ የሚያስፈልጋት 20,000 መሆኑ ቀርቶ 6,000 ብር ይሆናል። 14,000 ብር ከመበደር ሦስት ሰዎችን ማነጋገር ይሻላል።

በወንጌል ስለ ግንብ ሠሪው የተነገረውን ምሳሌ ሁላችን ሰምተነዋል። ወጪን አስቀድሞ መቁጠር ፈሪነት አይደለም፤ የጀመሩትን ለመፈጸም መፈለግ ነው።

መነሻ ገንዘብን በሚመለከት የአገራችን ዕቁብ ትልቅ ረዳት ነው። ነገር ግን አሠራሩን ማስተዋል ይገባል። 40 አባላት በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥሉ ዕጣ የወጣለት 20,000 ብር ይወስዳል። ዕጣው በመጨረሻ የወጣለት ሰው ገንዘብ አጠራቀመ፤ በመጀመሪያ የወጣለት ግን ወለድ የሌለው ብድር ወሰደ። በሦስተኛው ሳምንት የወሰደ ሰው ገና 37 ሳምንት ዕዳ አለበት፤ ንግዱ ቢወድቅም ባይወድቅም ይከፍላል፤ እርሱ ቢያቅተው ዋሱ ይከፍላል። ዋሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም የአባት ወዳጅ ነው። ስለዚህ የሳምንቱን መዋጮ ከደመወዙ መክፈል የማይችል ሰው «ከንግዱ እከፍላለሁ» ብሎ ዕቁብ አይግባ። ደመወዝን ሳይለቁ መጀመር ይሻላል የምንለውም ስለዚህ ነው። የዕድር ገንዘብ ግን ለሐዘን ቀን የተቀመጠ ነውና፥ በምንም ምክንያት ለንግድ አይታሰብ።

ስለ አባት ቤት አንድ ቃል እንናገር። መጠለያ የሆነን ቤት ለሙከራ ንግድ ማስያዝ አይገባም። ንግዱ ዓመት ከቆየና ሒሳቡ በደብተር ከታወቀ በኋላ ሌላ ነገር ነው። ከቤት ሌላም ዋስትና አለ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 የሚንቀሳቀስ ንብረት፥ ለምሳሌ የሥራ መሣሪያ፥ ከብትና የእርሻ ምርት፥ ለብድር መያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ስለዚህ ባንክ ወይም የቁጠባና ብድር ተቋም ሲጠይቁ «ካርታ የለኝም» ብሎ ከመመለስ ይህን ጠንቅቆ መጠየቅ ይገባል። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ የተካው አዲሱ የንግድ ሕግ፥ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፥ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር እንዲያቋቁም ፈቅዷል። የዚህ ጥቅሙ የድርጅቱን ንብረት ከባለቤቱ ንብረት መለየቱ ነው። ለትንሽ ሙከራ ይህ ሁሉ ላያስፈልግ ይችላል፤ ሥራው ሲሰፋ ግን ሕግ አዋቂ ጠይቆ ማወቅ መልካም ነው።

አባት ለልጁ ገንዘብ ሲሰጥ ስጦታ ነው ወይስ ብድር? ይህ በመጀመሪያው ቀን ካልተነገረ በመጨረሻው ቀን ጠብ ይሆናል። ወንድም እኅቶች ይሰማሉ፤ «ለእርሱ ተሰጠ፥ ለእኛ ተከለከለ» ይላሉ። ስለዚህ በአንድ ወረቀት ላይ፥ በሁለት ምስክር ፊት፥ ስንት እንደ ተሰጠና መቼ እንደሚመለስ ይጻፍ። ፍቅርን የሚያቀዘቅዝ የሚመስላቸው አሉ፤ እኛ ግን የሚጠብቀው ነው እንላለን። እንዲሁም የንግዱ ገንዘብና የቤቱ ገንዘብ በሁለት ኪስ ይሁን። በዓል ሲደርስ በግ የሚገዛው ከልጁ የወር ድርሻ እንጂ ከጤፍ መግዣው አይሁን። ዘመድም ወደ ሱቁ ሲመጣ ይክፈል። ከልቡ የሚወደው ዘመድ የመጀመሪያው ከፋይ ገዢ ይሆንለታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከብደው ግን የክብር ነገር ነው። ዲግሪ ያላት ልጅ እንጀራ ተሸክማ በሰፈር ስታልፍ የሚያይ ጎረቤት አለ። በማኅበር ላይ፥ ጠላው ከተቀዳ በኋላ፥ «ልጅዎ ምን ላይ ደረሰች?» ብሎ የሚጠይቅ አለ። እናት ያን ጊዜ አንገቷን ደፍታ «እስቲ እየፈለገች ነው» ካለች፥ ልጅቱ ባትሰማውም ቃሉ ወደ ቤት ይከተላታል። በእጅ ሥራ ላይ ያለው ንቀት በአገራችን የቆየ በሽታ ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛውን በሙያው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው፥ ቀጥቃጩን፥ ሸማኔውንና ሌላውንም ባለ ሙያ መናቅ አገርን እንደሚያደኸይ ስላስተዋሉ ነው። አዋጁ ከታወጀ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፤ ንቀቱ ግን ከቤታችን ገና አልወጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበረ የምናስተምር ሰዎች፥ የገዛ ልጃችን መርፌ ሲይዝ ልናፍር አይገባንም።

እንግዲህ እናት ሆይ፥ በማኅበር ሲጠይቁሽ ቀና ብለሽ ተናገሪ። «ልጄ እንጀራ ታቀርባለች፤ ሦስት ሱቅ ይዛለች» በዪ። ይህ ቃል ለልጅሽ ከገንዘብ ይልቅ ይረዳታል፤ ከሰሚዎቹም መካከል አራተኛው ሱቅ ሊገኝ ይችላል። አባትም «የአስተማርሁህ ለዚህ ነውን?» የሚለውን ቃል ከአፉ ያርቅ። ልጁ ይህን ቃል እንዳይሰማ ብሎ ነው ብዙ ጊዜ በማያውቀው ሥራ ላይ ትልቅ ሰሌዳ የሚሰቅለው። ብዙ ቤት በዕዳ የተያዘው በልጅ ስንፍና ሳይሆን፥ ልጅ ወላጁን ቶሎ ለማስደሰት በመቸኮሉ መሆኑን እናስተውል።

በመጨረሻም ለሙከራው የጊዜ ወሰን ይደረግለት። ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ብሎ ቤተሰቡ በአንድነት ይወስን፤ በዚያም ቀን ደብተሩ ተገልጦ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ሳይለመን ተመልሶ የሚገዛ ሰው አለን? የባለቤቱ የድካም ዋጋ ተቆጥሮ ትርፍ ተገኝቷልን? ዕዳው በታሰበው ቀን እየተከፈለ ነውን? ሦስቱም «አዎን» ከሆኑ፥ ያን ጊዜ የ30 ቀኑን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፥ ጌታውን አመስግኖ፥ ሥራውን ይልቀቅ። ሁለቱ «አዎን» ከሆኑ ሦስተኛውን እያረመ ጥቂት ይቆይ። ሦስቱም «አይደለም» ከሆኑ ግን ያለ እፍረት ይዝጋው። በትንሹ ጀምሮ በትንሹ የዘጋ ሰው አልወደቀም፤ ደመወዙም፥ የአባቱ ቤትም፥ ስሙም በቦታቸው አሉ። የሚቀጥለውን ሙከራ የሚጀምረው ደብተር ይዞ ነው።

ሥራ የጠፋበት ዘመን ነው ብለን ለልጆቻችን ባዶ ተስፋ ልንሰጣቸው አንወድም፤ ወንበሩ ጥቂት መሆኑን ደብቀን ብንነግራቸው አይጠቅማቸውም። ልንሰጣቸው የምንችለው ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ዝቅ ብለው የሚማሩበት ጊዜና፥ በሚማሩበት ጊዜ የማያሳፍራቸው ቤት ነው። በዚህ ወር በቤታችሁ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ፥ ከእራት በኋላ አንድ ማታ አብራችሁት ተቀመጡ፤ ሊያቆም ያሰበውን ሥራ ጠይቁት፤ ቀጥሎም ያን ሥራ በሰፈራችሁ ማን እንደሚሠራው አብራችሁ ፈልጉ። በማግሥቱ ጠዋት ማንኳኳት ያለበት የዚያን ሰው በር ነው።